ኢዳሊና ቦርባ ስትሸሸው የኖረችው ኮርስ

የኮሌጁ አማካሪ ወይዘሮ ሻሚራም ባዳል መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ኢዳሊናን ትክ ብለው አዩዋት።

«ይሄ ኮርስ እግር አለው እንዴ?» አሏት። «አምና መስከረም ላይ “በጥር እወስደዋለሁ” አልሽኝ። ጥር ሲደርስ ወደ ክረምቱ ትምህርት ገፋሽው። ክረምቱ ሲመጣ እንደገና ወደ መስከረም። አሁን ደግሞ ጭራሽ “ይቅርብኝ” ልትይኝ ነው የመጣሽው። የመጨረሻው ሴሚስተርሽ ሊገባኮ ነው፤ ከዚህ በኋላ የሚገፋበት ቦታ የለም።»

ኢዳሊና ቦርባ ጉልበቷ ላይ ያለውን ቦርሳ ጨበጥ አደረገችው።

«ሰዓቱ አልመች ብሎኝ ነው ወይዘሮ ባዳል። ጥጆች አሉብኝ።»

«ጥጆችሽን መቼ ነው የምታጠቢው?»

«ጠዋት። ከዚያ ደግሞ ወደ ማታ።»

«ኮርሱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ይሰጣል። በእኩለ ቀን የሚጠባ ጥጃ ካለሽ አምጪና አሳዪኝ። እኔ እዚህ ወንበር ላይ የወተት ገበሬ ልጅ ስመዘግብ ነው ያረጀሁት፤ በጥጃ አትቀልጂብኝ።»

ኢዳሊና ሳቀች፤ ወዲያው ግን አፏን በእጇ ሸፈነች። ይሄ የቆየ ልማዷ ነው። ሳቋ ካመለጣት ቶሎ ትከድነዋለች።

ወይዘሮ ባዳል እንደ ቀልዳቸው ሁሉ ምክራቸውም ቀጥተኛ ነበር። ኢዳሊና ከሁለት ዓመቱ ኮሌጅ ወጥታ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ልትገባ የምትችለው በሳይኮሎጂ የሚፈለጉባትን ኮርሶች ከጨረሰች ብቻ ነው። የመግቢያውን ኮርስ በጥሩ ውጤት አልፋለች። የልጆችን እድገትና የምርምር ዘዴውን ጨርሳለች። የቀሯት ስታቲስቲክስና ይሄ እግር አለው የተባለው፣ የሰው ሐሳብና ጠባይ ከአንጎልና ከዘር እንዴት እንደሚመጣ የሚያስተምረው ኮርስ ናቸው። እሱን ትታ ብትሄድ ዩኒቨርሲቲው ማመልከቻዋን ገና ከበሩ ይመልሰዋል።

«ስታቲስቲክሱን ብትፈሪ ይገባኛል» አሉ ወይዘሮ ባዳል፤ «እሱን የማይፈራ የለም። ይሄኛው ግን ምንሽ ነው?»

«ምንም» አለች ኢዳሊና። «መዝግቡኝ።»

መኪናዋ ውስጥ ገብታ የምዝገባ ወረቀቱን ሳታየው አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ኢዳሊና ያን ጊዜ ሃያ አምስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሊዮኒልድ የታመመችው በሃያ ስድስት ዓመቷ ነው።

ቦርባዎች እንደ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ አያቶቻቸው ከአትላንቲክ ደሴቶች ተነቅለው በካሊፎርኒያው ሸለቆ ላም ማለብ የጀመሩ ፖርቱጋሎች ናቸው። በዚያ አገር ሁሉም ሰው የሁሉንም ላም ቁጥር፣ የሁሉንም ኃጢአት ያውቃል፤ የሊዮኒልድን በሽታ ግን በስሙ የሚጠራው አልነበረም። «ነርቭ ነው» ይባላል። «ምስኪን፣ ነርቯ ነው» ይሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ወተት ዋጋ ያልፋሉ። ስለ ኢዳሊና ግን ድምፃቸውን ዝቅ አያደርጉም ነበር። በመንፈስ ቅዱስ በዓል ቀን የሰበካው አዳራሽ ውስጥ ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ የበሬ ሥጋ መረቅ ዳቦ ላይ እያፈሰሰ ሲበላ፣ የአባቷ እህት ኦዲሊያ አገጯን ይዛ ለሴቶቹ ታሳያታለች።

«እይዋት እስቲ! ቁርጥ እናቷን! ዓይኑ የሷ፣ እጁ የሷ። ሳቂ እስቲ ኢዳ፣ ሳቂላቸው! ሳቁም እኮ የሷ ነው!»

ሴቶቹ ይስቃሉ። ቀጥለው ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ ምን እንደሆነ ኢዳሊና ገና በልጅነቷ ገብቷታል።

የመጀመሪያውን ቀን አትረሳውም። ስድስት ዓመቷ ነበር። በብርዱ ወራት ሸለቆው ላይ የሚተኛው ጭጋግ እጅን ዘርግቶ ጣትን እስከማያሳይ ድረስ ወፍሮ፣ እናቷ በሌሊት ልብሷ እጇን ይዛ ከቤት አወጣቻት። ማለዳ ነው። በረቱን አልፈው፣ የበቆሎ ማሳውን አቋርጠው የመስኖው ቦይ ዘንድ ደረሱ። እናቷ ውሃው ውስጥ ገባች፤ እሷንም አስገባቻት። ውሃው የእናቷን ወገብ፣ የልጅቷን አንገት ይደርስ ነበር።

«ድምፅሽን እንዳታሰሚ» አለቻት እናቷ በጆሮዋ፣ በጣም ረጋ ብላ። «ላሞቹ ስማችንን ነግረዋቸዋል።»

ከጭጋጉ ወዲያ አባቷ ሲጠራ ይሰማል። «ኢዳ! ኢዳ!» ይላል፤ ድምፁ ይቀርብና ይርቃል። ልጅቷ «አቤት» ልትል አፏን ስትከፍት የእናቷ መዳፍ ከደነው። ብርዱ እግሯን ካደነዘዛት በኋላ ነው የእናቷን እጅ ነክሳ «አቤት! አቤት!» ብላ የጮኸችው። አባቷ ጓልተር ቦርባ ድምፁን ተከትሎ ደረሰና ሁለቱንም ጎትቶ አወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሊዮኒልድ ሆስፒታል ስትገባ፣ ስትወጣ፣ ደግሞ ስትገባ ኖራ፣ በመጨረሻ ሞዴስቶ ከተማ እንደሷ ያሉ ሰዎች ተሰብስበው የሚኖሩበት ቤት ገባች።

ኢዳሊና ሳይኮሎጂ አጠናለሁ ስትል ሰዉ ሁሉ «ሰው ልትረዳ ነው፤ መልካም ልብ አላት» አለ። እሷ ግን ማንንም ለመርዳት አስባ አልነበረም። ያ ነገር ሲመጣ ከሩቅ ልታየው ፈልጋ ነው። ሁለቱን ዓመት ስታቅድ፣ የቱ ኮርስ ከየቱ እንደሚቀድም ስታሰላ፣ ልቧ የነበረው እዚያ ነው። እውነቱን የሚነግራትን አንዱን ኮርስ ግን፣ የሐኪም ውጤት ለመስማት እንደሚፈራ በሽተኛ፣ ከሴሚስተር ወደ ሴሚስተር ትገፋዋለች።

አባቷም ይጠብቃት ነበር። ጓልተር ቃል የማይወጣው ሰው ነው፤ ዓይኑ ግን ከልጁ ላይ አይነሳም። ብቻዋን ስታንጎራጉር ካገኛት ሥራውን አቁሞ ያዳምጣል። እራት ካስቀረች ሳህኑን ያያል። ከገና በፊት አንድ ቀን ኢዳሊና ለጥጆቹ እየዘፈነች ጡጦ ስታድል ዞር ስትል፣ ከመኖ መጋዘኑ ጀርባ ቆሞ ሲያያት ያዘችው።

«እስካብድ ነው የምትጠብቀኝ?» ብላ ጮኸችበት። «አባዬ፣ እስካብድ ነው?»

«ኧረ ልጄ—»

«ከእንግዲህ እንዲህ ቆመህ ካገኘሁህ ቤቱን ለቅቄ እሄዳለሁ። ማልልኝ!»

ጓልተር ኮፍያውን አውልቆ በመንፈስ ቅዱስ ማለላት።

ትምህርቱ በጥር ተጀመረ። መምህሩ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ወጣት ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለ ነርቭ ሴሎች፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሕመም ስሜት አስተማረ፤ ኢዳሊናም ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ጻፈች። እንዲያውም ደስ ይላት ጀመር። ከዚያ አንድ ሐሙስ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የእናቷን በሽታ ስም፣ «ስኪዞፍሬኒያ» ብሎ ጻፈ።

«ወላጅ ታሞ ከሆነ ልጁ የመታመም ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል» አለ። «አብዛኞቹ ልጆች ግን አይታመሙም፤ ይሄን አስምሩበት። ሴቶች ላይ ብዙ ጊዜ ከወንዶቹ ዘግየት ብሎ፣ ከሃያዎቹ አጋማሽ በኋላ ይጀምራል።»

ኢዳሊና አላሰመረችም። «አብዛኞቹ አይታመሙም» የሚለውን ጆሮዋ አልያዘውም። «ከሃያዎቹ አጋማሽ በኋላ» የሚለው ግን ሆዷ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ልደቷ በመጋቢት ነው።

በሳምንቱ ሸለቆው ላይ ጭጋግ ተኛ። ማለዳ፣ ገና ሊነጋጋ ሲል፣ ኢዳሊና የሞቀ ወተት የተሞሉ ጡጦዎች በጋሪ እየገፋች ወደ ጥጆቹ ወረደች። ጥጆቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ትንንሽ ነጭ ጎጆ ውስጥ ስለሚታሰሩ በጭጋጉ ውስጥ አንዱ ጎጆ ብቻ ይታያል፤ ወደሚቀጥለው ሲጠጉ የፊተኛው ይጠፋል። ከመካከል ስትደርስ ድምፅ ሰማች።

«ኢዳ!»

ቆመች። «አቤት?» አለች።

መልስ የለም። አንድ ጥጃ ጡጦውን ሲስብ ይሰማል፤ ሌላ ምንም የለም።

«አቤት?» አለች ደግማ። ድምፅዋ በመሐል ተሰበረ።

ማንም አልመለሰላትም። በእጇ የያዘችው ጡጦ ወድቆ ወተቱ እግሯ ሥር ፈሰሰ። ሮጣ ማምለጥ ፈለገች፤ ወዴት እንደምትሮጥ ግን አላየችም። በዙሪያዋ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ነው። ጎንበስ ብላ የጎጆውን አጥር ያዘችና ጥጃው እጇን እየላሳት እዚያው ቆየች።

ቁርስ ላይ አባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ቅድም ጠርተኸኝ ነበር?»

የጓልተር ኩባያ አፉ ዘንድ ሳይደርስ ቆመ። «እኔ? የለም» አለ። «ማለቢያው ቤት ነበርኩ። ምነው?»

«ምንም። ጥጃ ይሆናል።»

«ጥጃ ይሆናል» አለ አባቷም፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። እሷም ያን አመድ የመሰለ ፊት አይታ፣ «ገብቶታል፤ እንደጀመረኝ ገብቶታል» አለች በልቧ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ ራሷም አታውቅም። ሬዲዮ አትከፍትም፤ ከሬዲዮው ድምፅ መካከል ሌላ ድምፅ ብትለይስ ብላ። ደግሞ ዝም ያለ ቤት ያስፈራታልና ተመልሳ ትከፍተዋለች። ገበያ ውስጥ ሁለት ሴቶች ሲስቁ ካየች፣ «በእኔ ነው የሳቁት? በእኔ ነው ብዬ ማሰቤስ ምልክት ነው?» እያለች ጋሪዋን ጥላ ትወጣለች። መስተዋት ፊት ቆማ ዓይኗን ትመረምራለች፤ የሚያያት የእናቷ ዓይን ነው። ሁለት ላም ማለቢያው ቤት በር ላይ ቆመው አንገታቸውን አዙረው ሲያዩዋት አንድ ጊዜ ከልቧ ደንግጣ ሸሸች፤ ሸሽታ ስታበቃ፣ መሸሿ ራሱ አስደነገጣት።

ኮርሱን ተወችው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ክፍሉ በር ትደርስና ትመለሳለች። ስታቲስቲክሱን ብቻ ትማራለች፤ እሱም ቢሆን ቁጥሮቹ ከወረቀቱ ላይ እየተነሱ አንድ ነገር ሊነግሯት የፈለጉ እየመሰላት መከራዋን ታያለች።

ወይዘሮ ባዳል የያዟት መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። የኮታቸውን አንገት ከፍ አድርገው በጭጋጉ ውስጥ ተንደርድረው መጥተው መስኮቱን አንኳኩ።

«ክፈቺ! በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ እያሳደድኩ መሮጥ አለብኝ?» አሏትና ሳይጠየቁ ከጎኗ ገብተው ተቀመጡ። «መምህርሽ ጠፋች አለኝ። ኮርሱን ማቋረጥ ከፈለግሽ እስከ ዓርብ ነው። ካቋረጥሽ ግን ዘንድሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወርሽ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ ጥጃ እንዳትጠሪብኝ።»

ኢዳሊና መሪውን እንደያዘች ፊት ለፊት እያየች ነገረቻቸው። ስለ እናቷ፣ ስለ ዕድሜዋ፣ በጭጋጉ ውስጥ ስለሰማችው ድምፅ። ስትጨርስ ወይዘሮ ባዳል መነጽራቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ቀልዳቸው ሁሉ ከፊታቸው ላይ ጠፍቶ ነበር።

«እኔ የሰው ኮርስ ነው የማቅደው» አሉ በመጨረሻ። «ሐኪም አይደለሁም፤ “ምንም የለብሽም” ብልሽ እዋሻለሁ። ጤና ክፍሉ ውስጥ አንዲት ጥሩ ሴት አለች፤ ዛሬ እወስድሻለሁ፣ ቀጠሮ ትይዥያለሽ። ይሄ አንድ። ሁለተኛ፤ የእናትሽ በሽታ ሲጀምር አጠገቧ ማን ነበር?»

«አባቴ።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ለእኔ ነግረሽ ለሱ አልነገርሽውም?»

«ያውቃል» አለች ኢዳሊና። «ፊቱን አይቻለሁ።»

«ፊት አይቶ መናገር የትኛው ኮርስ ላይ ነው የተማርሽው? ጠይቂው።»

ቀጠሮው ለሚቀጥለው ሳምንት ተያዘላት። አባቷን ግን አልጠየቀችውም። ብትጠይቀው «አዎ» ይላታል ብላ ፈርታ፣ ሲመጣ ከክፍሉ ትወጣለች፤ ሲያናግራት ባጭሩ ትመልሳለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ የማቋረጫው ጊዜ ሊያልፍ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የመጀመሪያ ጥጃዋን የምትወልድ አንዲት ጊደር ምጥ ጸናባት። ሠራተኞቹ ማለቢያው ቤት ስለነበሩ ጓልተር ልጁን ጠራት።

የጥጃው ሁለት የፊት እግሮች ወጥተዋል፤ ራሱ ግን አልመጣም። ጓልተር እስከ ክንዱ አስገብቶ አስተካከለው፣ ገመዱን አሰረና ሁለቱም ጭድ ላይ ቁጭ ብለው፣ እግራቸውን ተክለው፣ ጊደሯ ባማጠች ቁጥር መሳብ ያዙ።

«አሁን! … ቆይ ቆይ፣ ትተንፍስ … አሁን!»

ጥጃው በድንገት ወጥቶ ጭናቸው ላይ ዝርግፍ አለ። አይተነፍስም። ኢዳሊና አፍንጫውን ጠረገች፣ በጭድ ኮረኮረችው፣ ጎኑን በመዳፏ አሸችው። «ና በለው! ና እንጂ አንተ!» እያለች ስታሸው ጥጃው አስነጠሰና ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ ኢዳሊና ማልቀስ ጀመረች። እንደዚያ ያለቀሰችው ጥጃ ስለዳነ ብቻ አልነበረም፤ ጓልተርም አወቀ።

«ምን ሆንሽብኝ? ኢዳ፣ ምን ሆንሽ?»

«ጀምሮኛል አባዬ» አለችው። «ድምፅ ሰምቻለሁ። በዚያ ጭጋግ ቀን፣ ጥጆቹ ዘንድ፣ ስሜን ጠራኝ። እንደ እማዬ ጀምሮኛል። አንተም ታውቃለህ፤ ቁርስ ላይ ፊትህን አይቼዋለሁ።»

ጓልተር በደምና በእንግዴ ልጅ ውሃ የራሰ እጁን ወደ ራሱ አነሳ፤ መልሶ አወረደው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑን?»

«የጠራሁሽ እኔ ነኝ።»

ኢዳሊና ራሷን ነቀነቀች። «አታጽናናኝ። እባክህ አትዋሸኝ። ማለቢያው ቤት ነበርኩ ብለኸኛል።»

«ዋሽቼሽ ነው!» ጓልተር ልጁ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ ጮኸ። «መጋዘኑ ጀርባ ነበርኩ። ጭጋጉ ሲተኛ አላስችል ብሎኝ ተከተልኩሽ። ድምፅሽ ጠፋ። ጋሪውም አይሰማም። ቦዩ ትዝ አለኝና ሳላስበው ጠራሁሽ። ስትመልሺልኝ አለሽ ማለት ነው ብዬ ዝም አልኩ። እንዳልከተልሽ ምዬልሻለሁ፤ ብታገኚኝ ቤቱን ለቅቄ እሄዳለሁ ብለሽኛል።»

«ይሄን አሁን ፈጥረኸው ቢሆንስ? እንድድን ብለህ ፈጥረኸው ቢሆንስ?»

«ሁለት ጊዜ አቤት አልሽ» አለ ጓልተር። «መጀመሪያ እንደ ልማድሽ። ሁለተኛው ላይ ድምፅሽ ተሰበረ። ከዚያ አንድ ነገር ወደቀ፤ ጡጦ መሰለኝ። ልመጣ ነበር … እግሬ እምቢ አለኝ። አፈርኩ።»

ኢዳሊና ጭዱ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችው። ሁለት ጊዜ «አቤት» ማለቷን ለማንም አልተናገረችም። ለወይዘሮ ባዳልም ቢሆን «ስሜን ሰማሁ» ነው ያለችው። ስለ ጡጦውም ማንም አያውቅም። ቀስ እያለ ነገሩ ሲገባት በመጀመሪያ የመጣው ደስታ አልነበረም። ተነስታ የአባቷን ደረት በሁለት እጇ ደበደበችው፤ ሸሚዙ በጥጃው ልጋግ ተጨማለቀ።

«ስንት ጊዜ አባዬ! ስንት ቀን ሙሉ! እየሞትኩ ነበርኮ!»

«አላወቅኩም፤ በመንፈስ ቅዱስ አላወቅኩም። ስትጠይቂኝ እንዳወቅሽብኝ ነው የመሰለኝ።» ጓልተር አልተከላከለም፤ እንዲያው ቆሞ ተመታላት። «እኔስ ምን ሆኜ እንደኖርኩ ታውቂያለሽ? እራትሽን ስትተዪ፣ ሰው ስትሸሺ፣ ከላም ስትሮጪ አየሁ። አለቀልኝ፣ ሁለተኛዋም ተወሰደችብኝ ብዬ ነው የኖርኩት።»

ጊደሯ በመካከላቸው ገብታ ጥጃዋን መላስ ጀመረች። አባትና ልጅም ገለል አሉላት።

ዓርብ ኢዳሊና ኮርሱን አላቋረጠችም። ጤና ክፍል ያለችውም ሴት በቀጠሮዋ ቀን ረጅም ሰዓት አነጋግራት፣ እስካሁን የምታየው ፍርሃትና እንቅልፍ ማጣት እንጂ ሌላ እንዳልሆነ ነገረቻት። ለወደፊቱ ግን ማንም ዋስ ሊሆንላት እንደማይችል፣ አንድ ነገር ብታይ ሳትደብቅ እንድትመጣ አስጠነቀቀቻት። ይሄ ኢዳሊና ልትሰማ የፈለገችው አልነበረም። ሆኖም ሐሰት እንደሌለበት ስላወቀች ያዘችው።

አንድ ነገር ደግሞ ቀርቷት ነበር። በዚያው ሳምንት እሑድ ጣፋጭ ዳቦ ይዛ ሞዴስቶ እናቷ ዘንድ ሄደች። ሊዮኒልድ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች፤ መድኃኒቱ እጇን ስለሚያንቀጠቅጠው ዳቦውን ልጇ እየቆረሰች ትሰጣታለች። ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው ጊዜ ውስጥ ስለ በሽታው ተነጋግረው አያውቁም።

«እማዬ» አለች ኢዳሊና፣ ዳቦውን እየቆረሰች። «ሲጀምርሽ … እንዴት ነበር? በጣም ፈርተሽ ነበር?»

ሊዮኒልድ ማኘኳን አቆመች። ኢዳሊና «ምነው ባልጠየቅኩ» አለች በልቧ።

«እኔ?» አለች እናቷ። «እኔ አልፈራሁም። እርግጠኛ ነበርኩ። ሰው ሁሉ ተሳስቷል፤ የማውቀው እኔ ነኝ። ያን ጊዜ አንድም ቀን “አሞኝ ይሆን?” ብዬ አላውቅም። ፍርሃት የመጣብኝ መድኃኒቱ ሲሠራልኝ ነው። ነቅቼ ያደረግሁትን ሳየው … ያን ውሃ ሳየው …» አለችና እጇን ከልጇ እጅ ላይ አሳረፈች። «አሁን ነው የምፈራው። በመጣሽ ቁጥር ዓይንሽን አያለሁ። አታውቂም እንጂ እያየሁሽ ነው።»

«ሁላችሁም ናችሁ የምታዩኝ» አለች ኢዳሊና።

«ታዲያ ማንን እንይ?» አለች ሊዮኒልድ። «ዳቦውን ስጪኝ።»

ያመለጣትን ፈተና መምህሩ በሌላ ቀን እንድትወስድ ፈቀደላት። ስለ ዘር የሚያወራውን ምዕራፍ ቀን ቀን፣ ወጥ ቤት፣ አባቷ ባለበት ማንበብ ጀመረች፤ ከባድ የሆነባት ቦታ ላይ ስትደርስ ጮክ ብላ ታነብለታለች፣ እሱም ግማሹ ሳይገባው አንገቱን ይነቀንቃል። «አብዛኞቹ አይታመሙም» የሚለውን ስታነብለት «ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት። በመጋቢት ሃያ ስድስት ዓመት ሞላት፤ ያን ቀን አንድ ነገር ይመጣል ብላ ስትጠብቅ ዋለች፣ ምንም ግን አልሆነም። ኮርሱን አለፈች። ስታቲስቲክሱን ወደቀች፤ ወይዘሮ ባዳል «ይሄማ ጤነኛነትሽን ያሳያል» ብለው በክረምቱ ትምህርት አስደገሟት፤ በሁለተኛው ገፋ አድርጋ በ«ሲ» ወጣች። ዩኒቨርሲቲውም ተቀበላት።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ፕሮፌሰሯ ተማሪዎቹን ተራ በተራ ለምን ሳይኮሎጂ እንደመረጡ ጠየቀቻቸው። አንዱ ሰው መርዳት እወዳለሁ አለ፣ አንዷ ሕፃናት እወዳለሁ አለች። ተራው ወደ ኢዳሊና ሲጠጋ በሩ የት እንደሆነ አየች። ልክ እንደ ሌሎቹ «ሰው ለመርዳት» ብላ ማለፍ ትችል ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶላታል።

«እናቴ ስኪዞፍሬኒያ አለባት» አለች። «እኔም እንዳይዘኝ እፈራለሁ። ለዚያ ነው።»

ማንም አልሳቀም፤ ማንም ወንበሩን አላሸሸም። ፕሮፌሰሯ «እሺ፣ እንኳን መጣሽ» ብላ ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፈች። ኢዳሊና ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስ ጻፈች። ስትወጣ በጣም ርቧት ነበር። ካፍቴሪያው ገብታ ሳህኗን ሞልታ፣ በማታውቃቸው ሰዎች መካከል ተቀምጣ በላች።